ከረዳትነት ወደ ነርስነት፦ በአሰላና በአርሲ ደጋ ያለው የሙያ መንገድ

ረዳት ሆኖ ጀምሮ ነርስ መሆን በኢትዮጵያ ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሙያ መንገድ ነው። የሥራ መደቦቹ ስም በየዘመኑ ተቀያይሯል፤ ድሬሰር፣ ጤና ረዳት፣ ጁኒየር ነርስ፣ ክሊኒካል ነርስ፣ ፕሮፌሽናል ነርስ። የመንገዱ ጠባይ ግን ብዙ አልተለወጠም። በየደረጃው ያለው ባለሙያ ሥራውን ሳይለቅ ይማራል፤ ተምሮ ይፈተናል፤ አልፎ ፈቃድ ያወጣል፤ ጥቂት ዓመት አገልግሎ ደግሞ ለሚቀጥለው ደረጃ ይነሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተረኝነት፣ ቤተሰብና የወር ደመወዝ እርስ በርስ በሚሻሙበት ኑሮ ውስጥ ነው።

አሰላ ይህን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት የምትመች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ 2,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መካከለኛ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው አሰላ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅና የማስተማሪያ ሆስፒታልም የሚገኙት እዚሁ ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲባል እስከ ሳጉሬና በቆጂ፣ ወዲያ እስከ ሮቤና ጎቤሳ የተዘረጋ የስንዴና የገብስ አገር አለ። በዚያ የሚኖር ገበሬ ቤተሰቡ ሲታመምበት መጀመሪያ የሚያገኛት ባለሙያ በቀበሌው ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከእሷ በላይ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም የአሰላው ሪፈራል ይመጣል። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ነው የሚሠራው። ታካሚው በዚህ ሰንሰለት ሲያልፍ ከሐኪም ይልቅ አብዝቶ የሚያገኘው ነርስ ነው።

የረዳትና የነርስ ድንበር ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በአስተኝቶ ማከሚያ ክፍል የጠዋት ርክክብ ላይ ነው። 2 ሰዓት ሲሆን የሌሊት ተረኞች ከበሩ አጠገብ ካለው አልጋ ጀምረው ለቀን ተረኞች ያስረክባሉ። የጭላሎ ብርድ ገና አልለቀቀም። አስታማሚዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከአልጋው ሥር ተነስተው የተኙበትን ምንጣፍ ይጠቀልላሉ፤ ከቤት የመጣ አጥሚት ከፔርሙስ ይቀዳል። የሌሊት ተረኛዋ ካርዱን ገልጣ ትናገራለች፦ ትኩሳቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስንት ነበር፣ ሽንት ስንት ወጣ፣ የትኛው መድኃኒት ተሰጠ፣ የትኛው ከፋርማሲ አልመጣም፣ ለተረኛው ሐኪም ምን ተነገረው፣ ምን መለሰ። ተረካቢዋ ትሰማለች፣ ትጠይቃለች፣ ትፈርማለች። ከፊርማው በኋላ በዚያ አልጋ ላይ ለሚሆነው ነገር ተጠያቂዋ እሷ ናት። አጠገቧ ቆማ የሙቀት መለኪያውን የምትይዘው ተለማማጅ ተማሪ ያንኑ ሁሉ በእጇ ልትሠራው ትችላለች፤ ኃላፊነቱን ግን ልትረከበው አትችልም።

በዚያው ክፍል ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎች በሽተኛን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት መውሰድ የነርስ ረዳት የዕለት ሥራ ነው። አሰላ ላይ አብዛኛውን ይህን የሚሠራው አስታማሚ ነው፤ እናት፣ እህት፣ የወንድም ልጅ፣ አንዳንዴም ከሩቅ ቀበሌ አብሮ የመጣ ጎረቤት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ረዳት የሚባለው ባለሙያ ገና ከጅምሩ የማከም ሥራ ተጥሎበታል። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ኪኒን ያድላል፣ ሐኪም በሌለበት ገጠርም ራሱ መርምሮ ይወስናል። በሌሎች አገሮች ረዳቷ ወደ ነርስነት ስታድግ ይበልጥ የሚጨምረው ሥራዋ ነው። እዚህ ግን ቀድሞ የተሰጠውን ሥራ የሚመጥነው ዕውቀት ዘግይቶ ይከተላል። መንገዱን ለመረዳት ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል።

የዚህ ምክንያት በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። በዘመናዊ ሕክምናው መጀመሪያ ላይ በመንግሥትና በሚሲዮን ሆስፒታሎች ሥራውን የያዙት ድሬሰሮች ነበሩ፤ ሆስፒታል ውስጥ ተቀጥረው፣ እያዩ ተምረው፣ ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት የለመዱ ሰዎች። በሌላው ጫፍ የነርስነትን ሙያ በሙሉ ሥርዓቱ ተምረው የተመዘገቡት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከእነዚህ አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ልዕልቲቱ በስደት ዘመናቸው በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝ አገር የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። ከነፃነት በኋላ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 ነቀምቴ ላይ አረፉ፤ ምክንያቱም ወሊድ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ራሳቸውም የተመዘገቡ ነርስ የሆኑት በወሊድ በሞቱበት ዘመን፣ የጭላሎ ገበሬ ሚስት ምን ዕድል እንደነበራት መገመት አያዳግትም። በስማቸው የተሠራው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል ነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ጎንደር ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ ለገጠሩ ታስቦ ከተሠራው ሥርዓት የመጀመሪያው ይህ ነው። ሆኖም ከሁለቱም የሚወጣው ሰው ቁጥር ለአገሪቱ የሚበቃ አልነበረም። ክፍተቱን የሞላው ጤና ረዳት ነው። ጤና ረዳቱ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሠልጥኖ ገጠር ክሊኒክ ይመደብ ነበር። እዚያ ያለ ሐኪም፣ ብዙ ጊዜም ያለ ነርስ፣ ወባውን፣ ሳንባ ምቹን፣ ተስቦውን፣ ቁስሉን፣ አስቸጋሪውን ምጥ ይጋፈጥ ነበር። በደርግ ዘመን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1978 ከወጣው የአልማ አታ የመሠረታዊ ጤና ክብካቤ መግለጫ በኋላ፣ ገጠሩን ተሸክሞ የቆመው እሱ ነበር። ሕዝቡም ዶክተር ብሎ ይጠራው ነበር፤ በአርሲ ገጠር ዛሬም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ በዚህ ማዕረግ ሲጠራ ይሰማል።

በ1990 ዓ.ም. የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የጤና ረዳትነት ሥልጠና እየቀረ፣ በሥራ ላይ የነበሩት ወደ ነርስነት እንዲያድጉ ተደረገ። መጀመሪያ ጁኒየር ነርስ፣ ቀጥሎ በዲፕሎማ ክሊኒካል ነርስ ሆኑ። በኢትዮጵያ ከረዳትነት ወደ ነርስነት ከተደረጉት ሽግግሮች ትልቁ ይህ ነው፤ የሚገባውን ያህል ግን አልተወራለትም። ለዓመታት ብቻቸውን ክሊኒክ ሲመሩ የኖሩ፣ ሽበት የጀመራቸው ሰዎች ከልጆቻቸው እኩያ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አናቶሚና ፋርማኮሎጂ ተማሩ። ሕይወት ሲያድኑ የኖሩ እጆች ፈተና ሊወድቁ ይችላሉ፤ የወደቁም ነበሩ። ትምህርቱ ያስፈለጋቸው ሥራውን ባለማወቃቸው አልነበረም። የለመዱት ሕክምና የማይሠራበትን ጊዜ ለይተው እንዲያውቁ ነበር።

እጅ ከወረቀት ቀድሞ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ከማሚቱ ጋሼ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። ማሚቱ እ.ኤ.አ. በ1962 አስከፊ ምጥ ባስከተለባት ፊስቱላ ታማ፣ ማንበብና መጻፍ ሳትችል፣ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ያከሟት ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የመጡት ዶክተር ካትሪን እና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ናቸው። ከዳነች በኋላ እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍ፣ ክፍል መጥረግና ሕመምተኞችን መደገፍ ጀመረች። ቀስ በቀስ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች፤ መሣሪያ አቀበለች፣ አየች፣ ለመደች፤ በመጨረሻም ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የምታደርግና ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ከሐምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልም የነርስ ረዳቶቹን በአብዛኛው ከዳኑ ሕመምተኞቹ መካከል ሲወስድ ኖሯል። የማሚቱ መንገድ ለብዙ ሰው የሚሆን አይደለም፤ ሁለት ሐኪሞች በአንዲት ተማሪ ላይ ዓመታት ያፈሰሱበት ነው። ግን አልጋ አንጣፊ ሆኖ መጀመር የአንድን ሰው ጣሪያ እንደማይወስን በማያሻማ መንገድ ያሳያል።

ዛሬ ጤና ረዳቱ ቆሞበት በነበረው ቦታ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው አካባቢ የተወለዱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ተመርጠው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ ለአንድ ቀበሌም ሁለት ሁለት ተመደቡ። ሥራቸው በመጀመሪያ መከላከል ላይ ያተኮረ ነበር። በኋላ የሕፃናት ሳንባ ምች ሕክምና ተጨመረላቸው።

ሥራውን በቅርብ ማየት ጠቃሚ ነው። ከሳጉሬ በላይ ባለ የደጋ ቀበሌ፣ አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ትደርሳለች። ሠራተኛዋ ልጁ እስኪረጋጋ ትጠብቅና የልብሱን ጫፍ ገልጣ የትንፋሹን ቁጥር ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከ12 ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ከሁለት ወር እስከ 12 ወር ላለው ደግሞ 50። ቆጥራ 46 ካገኘች አሞክሲሲሊን ትሰጣለች፤ አሰጣጡን ለእናቲቱ በአፋን ኦሮሞ ታስረዳለች፤ የምትመለስበትን ቀን ትነግራታለች። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ሪፈር ጽፋ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ብዙ ሕፃናትንም አትርፏል።

ያው ልጅ በቆጂ ሆስፒታል ሲደርስ ነርሷ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ትሰካለች። መለኪያው 88 ከመቶ ቢያሳይ ምን ማድረግ አለባት? በስምጥ ሸለቆው ቆላ ቢሆን መልሱ ወዲያው ኦክስጅን ነው፤ የተለመደው ወለል 90 ነውና። በቆጂ ግን ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። ከ2,500 ሜትር በላይ የጤነኛ ሰው ልኬት ራሱ ስለሚወርድ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ከፍታ 87ን ወለል አድርጎ ያስቀምጣል። ስለዚህ ነርሷ ቁጥሩን ብቻ ይዛ አትወስንም። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል ወይ? ከንፈሩ ጠቁሯል ወይ? ይጠባል ወይ? ከአንድ ሰዓት በፊት ስንት ነበር? ያላት ኦክስጅን ጥቂት ከሆነና ሌላ ሕፃን አጠገቡ ካቃሰተ ውሳኔዋ የሁለት ልጆች ጉዳይ ይሆናል። ከረዳትነት ወደ ነርስነት የሚኬደው ለዚህ ዓይነቱ ውሳኔ ነው።

ግሉኮስ መስቀልም እንዲሁ ነው። አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በስምንት ሰዓት እንዲገባ ታዝዟል እንበል፤ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ነው። 1,000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 42 ጠብታ ገደማ በደቂቃ ይሆናል። ሰዓት እያዩ በ15 ሴኮንድ አሥር ወይም አሥራ አንድ ጠብታ መቁጠርና መቆጣጠሪያዋን ማስተካከል ለማንም ልምድ ላለው ረዳት ቀላል ነው። ነርሷ ከዚህ በፊት የምትጠይቀው ግን ይህ ፈሳሽ ለዚህ ሰው ይገባል ወይ የሚለውን ነው። ልቡ ለደከመ ሰው፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን፣ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ሊገድል ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፤ ያውም በጥቂት በጥቂቱ፣ ትንፋሹና የልቡ ምት እየተቆጠረ። ትዕዛዙ የሐኪሙ ቢሆንም ቆም ብላ መጠየቅ የነርሷ ግዴታ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ማወቅ አለባት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ሪፎርም መመሪያ እያንዳንዱ ነርስ ታካሚውን ገምግማ፣ ችግሩን ለይታ፣ ዕቅድ አውጥታ፣ ፈጽማ፣ ውጤቱን መልሳ እንድትመዝን የሚያዝዘውም ለዚህ ነው። በተጨናነቀ ክፍል ይህ የዕቅድ ወረቀት ባዶውን ካርድ ውስጥ ሲቀመጥ መታየቱ የሙያው ሕመም ነው፤ ቢሆንም ነርስን ከትዕዛዝ ፈጻሚነት የሚያወጣት ይኸው ወረቀት ነው።

ወደዚያ የሚያደርሰው የትምህርት በር ባለፉት ዓመታት ተለውጧል። ቀድሞ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ በብሔራዊ ፈተናው ውጤት ወደ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይገባ ነበር፤ ሦስት ዓመት ተምሮም በደረጃ 4 ክሊኒካል ነርስ ሆኖ ይወጣ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለቀረ በሩ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተዛውሯል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ፈተና ደግሞ ጠብቋል፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአራት ዓመት የነርስነት ዲግሪ መያዝ ለጥቂቶች የሆነውም ለዚህ ነው። ለሌላው ወጣት በኮሌጅ በኩል በደረጃ መውጣቱ ሁለተኛ ምርጫ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለብዙ የገጠር ልጅ ያለው በር እሱ ነው።

ኮሌጁን የጨረሰ ሠልጣኝ ገና ባለሙያ አልተባለም። በሕዝቡ አፍ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ይጠብቀዋል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በተግባሩ ተመዛኙ እጁን ሲታጠብ፣ ጓንት ሲያጠልቅ፣ የደም ግፊት ሲለካ፣ ካቴተር ሲያስገባ፣ ቁስል ሲያሽግ መዛኙ ከፊቱ ቅጽ ይዞ ቆሞ እያንዳንዱን ርምጃ ያያል። ቁስሉን በጥሩ ሁኔታ አሽጎ ንጹሑን ጓንት በቆሸሸ ዕቃ ያስነካ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ለዓመታት በሥራ ላይ የኖሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ ዕቃ በሌለበት ጤና ጣቢያ የለመዱት አቋራጭ እጃቸው ላይ ይመጣባቸዋል። ያለፈው በክልሉ ጤና ቢሮ ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ ያወጣል።

ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ የሚኬድበት መንገድ በባለሙያዎቹ ዘንድ አፕግሬድ ወይም ፖስት ቤዚክ ይባላል። ለዚህ የብቃት ምዘናውን ማለፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማገልገልና የመግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በመንግሥት ተቋም የሚሠራ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ የሚማር ከሆነም ተመርቆ ለተወሰነ ዓመት ለማገልገል ውል ይፈርማል። ደብዳቤው ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ነርስ ብቻ ያለው የገጠር ጤና ጣቢያ አንዷን ለትምህርት ሲለቅ የቀሩት ተረኝነት ይደራረባል፤ ኃላፊው ደብዳቤውን ሲያዘገይ ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች በራሳቸው ገንዘብ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር በግል ኮሌጅ ይማራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል፤ ተቋሙ በዚያ የትምህርት መስክና በዚያ ደረጃ ዕውቅና ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ መመዝገብ ዓመታትንና ገንዘብን ያስበላል። የዕውቅናው ወረቀት ለተቋሙ በጠቅላላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ካምፓስ ነው የሚሰጠው።

ትምህርቱ ራሱ ከሁሉ የሚከብደው በቋንቋው ነው። በአርሲ ገጠር ያደገች ነርስ ከታካሚዋ ጋር በአፋን ኦሮሞ ትነጋገራለች፤ አሮጊቷ «ኢንተለ ኮ» ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሕመማቸውን ከሥሩ ያወሩላታል። ከሌላው ጋር በአማርኛ ትግባባለች። ካርዱን የምትጽፈው፣ መጽሐፉን የምታነበው፣ የምትፈተነው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አሮጊቷ የነገሯትን በትክክል ተረድታ፣ በትክክል አክማ፣ ያንኑ በፈተና ወረቀት ላይ ስታየው ልትስተው ትችላለች። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ መምህራንና የትምህርት ተቋማት ግን ብዙ ጊዜ እንደ ችሎታ ማነስ ይቆጥሩታል። ለሥራ ላይ ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት ቀድሞ የሙያ እንግሊዝኛና የሒሳብ ማጠናከሪያ መስጠት ብዙ የማያስወጣ፣ ብዙዎችን የሚያሳልፍ ነገር ነው።

ቀጥሎ ጊዜው አለ። የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ሴት ጠዋት አስረክባ፣ ቤት ገብታ ልጅ አብልታ፣ ከሰዓት ክፍል ትገባለች። ከአሰላ ውጭ የምትሠራ ከሆነ የአውቶቡሱ መንገድ ይጨመራል። ወንዶቹም ይደክማሉ፤ ሆኖም እርግዝናና አራስነት የሴቷ ናቸው፤ የቤት ሥራና የታመመ ዘመድ ማስታመምም በአብዛኛው እሷ ላይ ይወድቃሉ። ነርስ መሆኗ ራሱ የዘመድ አስታማሚ ያደርጋታል፤ በቤተሰቡ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው።

ዲግሪው ሲያልቅ ፈተናው አላለቀም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ነርስነትን ጨምሮ በተወሰኑ የጤና ሙያዎች የሚመረቁ ሁሉ አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ፈተና መውሰድ አለባቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ተጀምሯል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ፈተናው መምጣቱ ተገቢ ነው። የግልና የመንግሥት ተቋማት በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ስለበዙ ሁሉም እኩል እንደማያስተምሩ የታወቀ ነው፤ አልጋ ላይ የተኛው ሰው ደግሞ ነርሱ የት እንደተማረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያሳዝነው አንድ ነገር ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለች ነርስና ትናንት የተመረቀ ወጣት አንድ ዓይነት የወረቀት ፈተና ሲቀመጡ፣ የእሷ አሥራ አምስት ዓመት በየትኛውም ሚዛን ላይ አይወጣም። የሳይንሱን ክፍል ማንም መዝለል የለበትም። በተግባር ሊመዘን የሚችለው ልምድ ግን በተግባር ተመዝኖ የትምህርቱን ጊዜ ሊያሳጥር ይገባል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 እንዲያድጉ የተከፈተላቸው ሥልጠና ብዙዎችን ጠቅሟል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን መንገዱ ጠባብ መሆኑ ፕሮግራሙ ከተጀመረ ጀምሮ ሲነሳ የኖረ ቅሬታ ነው። በነርስነት ወይም በአዋላጅነት ለመማር የሚሹት ብዙ ጊዜ ከታች የመጀመር ያህል ይሆንባቸዋል። እነዚህ ሴቶች የቀበሌውን እያንዳንዱን ቤት ያውቃሉ፤ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረው፣ በየትኛው ቤት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንደተቋረጠ። ይህን ዕውቀት ይዛ ነርስ የምትሆን ሴት ለአርሲ ደጋ ምን ያህል እንደምትጠቅም ለማንም የሚሰወር አይደለም።

መንገዱ ከአገር ውጭም ይቀጥላል። ከአርሲና ከባሌ የሄዱ ብዙ ኦሮሞዎች በሚኒሶታ፣ ሌሎች ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዋሽንግተን ዙሪያ ይኖራሉ፤ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶችና በሆስፒታሎች ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆኖ መሥራት ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለነርስ ረዳት ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠናና የብቃት ፈተና ግድ ይላል፤ ክፍለ ግዛቶች ይጨምሩበታል። ከዚያ ዓመት ገደማ ተምሮ ኤልፒኤን የሚባለው መካከለኛ ነርስ፣ ወይም በኮሌጅ ሁለት ዓመት፣ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሮ አርኤን የሚባለው የተመዘገበ ነርስ መሆን ይቻላል። መጨረሻው ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና ነው፤ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ ተፈታኙ እንደመለሰው የሚከብድና የሚቀል፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያለው፣ በአምስት ሰዓት የተወሰነ። በኢትዮጵያ ነርስ ሆና የሄደች ሴት ትራንስክሪፕቷን ከተማረችበት ተቋም አስልካ፣ አስገምግማ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አልፋ እስክትፈተን ድረስ ረዳት ሆና የምትሠራበት ጊዜ አለ። አሰላ ላይ ክፍል ስትረከብ የነበረች እዚያ ስታጥብና ስታጎርስ መኖሯ ይከብዳታል። ከአገሯ ሳትወጣ ሙሉ ትራንስክሪፕቷን፣ የትምህርት ዝርዝሯንና የፈቃድ ማስረጃዋን አስመስክራ የያዘች ሰው ግን ይህን ጊዜ በብዙ ታሳጥረዋለች።

በአገር ውስጥ ዲግሪ የያዘች ፕሮፌሽናል ነርስ ፊት ብዙ በር አለ። በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በአእምሮ ጤና መስክ መጠንከር ትችላለች፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይዛ መምህርት ወይም የነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ ልትሆን ትችላለች። የአሰላው ማስተማሪያ ሆስፒታልና በከተማው ያለው ኮሌጅ ተለማማጅ ተማሪን አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚያስተምር ነርስ ዘወትር ያስፈልጋቸዋል፤ ለዚህ ሥራ ከታች ተነስቶ የወጣ ሰው የሚመረጥበት ምክንያት አለው፤ ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት እሱም ስቶበት ያውቃል። ፈቃዱ ግን አንዴ ወጥቶ የሚቀመጥ አይደለም። ነርሷ በሥራ ላይ ሳለች ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዷን የሚያሳይ ማስረጃ እያቀረበች በየጊዜው ታሳድሰዋለች።